ለኩበርኔቲስ የዳታቤዝ ኦፕሬተር ማበልጸጊያ የትኛው ክላስተር ይሻላል? ካይንድ፣ ሚኒኩብ፣ ኬ3ዲ እና የርቀት ክላስተር ሲነጻጸሩ

ፖስትግሬስን፣ ማይኤስኪውኤልን ወይም ሞንጎዲቢን በኩበርኔቲስ (በኮንቴይነር የታሸጉ ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ በሚያሠራው ሥርዓት) ላይ የሚያስተዳድር ኦፕሬተር፣ ማለትም የዳታቤዝ አስተዳዳሪን ሥራ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ለመጻፍ፣ አለዚያም ለነባር ፕሮጀክት ኮድ ለማዋጣት የተነሣ ባለሙያ ገና አንድ መስመር ሳይጽፍ የሚገጥመው ጥያቄ ክላስተሩን፣ ማለትም ኩበርኔቲስ የሚሠራባቸውን ማሽኖች ስብስብ፣ የት እና በምን ላስነሣው የሚል ነው። እንደ ካይንድ፣ ሚኒኩብ እና ኬ3ዲ ያሉ ኩበርኔቲስን በግል ኮምፒውተር ላይ የሚያስነሡ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚነጻጸሩት በስንት ሰከንድ እንደሚነሡ እና ምን ያህል ሜሞሪ እንደሚወስዱ ነው። ይህ መለኪያ ለተራ የድረ ገጽ አገልግሎት ሊበቃ ይችላል፤ ለዳታቤዝ ግን አይበቃም፤ የዳታቤዝ ኦፕሬተር ዋና ፈተናው የሚመጣው ኖድ (ከክላስተሩ ማሽኖች አንዱ) ሲወድቅ፣ ዲስክ ሲሞላ፣ ዋናው ዳታቤዝ ሞቶ ከቅጂዎቹ አንዱ ቦታውን ሲረከብ ነውና። ስለዚህ እዚህ አማራጮቹን በቅድሚያ የምመዝነው በሁለት ነገር ነው፦ የዲስክ አያያዛቸው ለእውነተኛው ክላስተር ምን ያህል ይቀርባል፣ ብልሽትንስ ሆን ብሎ ፈጥሮ ለማየት ምን ያህል ይመቻሉ። ፍጥነት እና ሜሞሪ የሚታዩት ከእነዚህ በኋላ ነው።

ለነባር ፕሮጀክት የሚያዋጣ ሰው ምርጫው በአብዛኛው አስቀድሞ ተደርጎለታል። የፖስትግሬስ ኦፕሬተር የሆነው ክላውድኔቲቭፒጂ የአበልጻጊዎቹን ክላስተር የሚያስነሣው በካይንድ ነው። የዛላንዶ ፖስትግሬስ ኦፕሬተር በግል ኮምፒውተር ላይ ለመሞከር በሚኒኩብ የሚሠራ ስክሪፕት አለው፤ ሥርዓቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚፈትኑትን ፍተሻዎች የሚያካሂደው ግን በካይንድ ላይ ነው። ብዙ ዓይነት ዳታቤዞችን የሚያስተዳድረው ኩብብሎክስ ደግሞ የመለማመጃ ክላስተሩን በኬ3ዲ ያስነሣል። እንዲህ ባለው ሁኔታ የግል ምርጫን ወደ ጎን ትቶ ፕሮጀክቱ የሚጠቀምበትን መያዝ ይሻላል፤ አንድ ስሕተት ሲገጥም የኮዱ ገምጋሚዎችም ያንኑ ስሕተት በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ደግመው ማየት የሚችሉት መሠረቱ አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ይበልጥ የሚጠቅመው የራሱን ኦፕሬተር ከመነሻው ለሚጽፍ ሰው ነው።

ክላስተር ሳይነሣ የሚያልቅ ሥራ

በጎ (Go) ቋንቋ፣ ኩብቢልደር ወይም ኦፕሬተር ኤስዲኬ በተባሉት የኦፕሬተር መጻፊያ መሣሪያዎች የተጀመረ ፕሮጀክት ኤንቭቴስት የሚባለውን የፍተሻ መሣሪያ አብሮ ያገኛል። ኤንቭቴስት የሚያስነሣው የኤፒአይ ሰርቨሩን (ጥያቄዎችን የሚቀበለውን የኩበርኔቲስ ክፍል) እና ኢቲሲዲን (የክላስተሩ መረጃ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ) ብቻ ስለሆነ ኮንቴይነር የሚያስነሣው ዶከር እንኳ አያስፈልገውም፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥም ለሥራ ዝግጁ ይሆናል። ኦፕሬተሩ የተጠቃሚውን መግለጫ በትክክል ማንበቡን፣ ያልተሞሉ መስኮችን በነባሪ ዋጋ መሙላቱን፣ የተሳሳተ ጥያቄን መመለሱን እና የሁኔታ መግለጫውን በወቅቱ ማደሱን ለመፈተሽ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ወሰኑን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ኩብሌት (በየኖዱ ላይ ኮንቴይነሮችን የሚያስነሣው)፣ መርሐ ግብር አውጪው (የትኛው ሥራ በየትኛው ኖድ ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስነው) እና የኩበርኔቲስ የራሱ ተቆጣጣሪዎች በኤንቭቴስት ውስጥ የሉም። ኦፕሬተሩ ስቴትፉልሴት (ቋሚ ስም እና ዲስክ ያላቸውን ፖዶች የሚያዝ መግለጫ) ቢፈጥር መግለጫው ይመዘገባል እንጂ አንድም ፖድ (አብረው የሚሠሩ ኮንቴይነሮች ጥቅል) አይፈጠርም፤ የዳታቤዙ ዋና መግለጫ ሲሰረዝም ከሥሩ ያሉት ነገሮች እውነተኛ ክላስተር ላይ እንደሚሆነው ተከትለውት አይሰረዙም። በዚህ ምክንያት ስረዛን በኤንቭቴስት የሚፈትሽ ሰው «ኮዴ ትርፍ ነገር ትቶ ይሄዳል» ብሎ የሌለ ስሕተት ሲፈልግ ሊውል ይችላል። ዳታቤዙ ራሱ መነሣት የማያስፈልገውን ሁሉ እዚህ ጨርሶ ቀሪውን ወደ እውነተኛ ክላስተር መውሰድ ነው የሚሻለው።

ካይንድ

ካይንድ በመጀመሪያ የተሠራው ኩበርኔቲስን ራሱን ለመፈተሽ ነው። እያንዳንዱ ኖድ አንድ የዶከር ኮንቴይነር ሲሆን፣ በውስጡ ኮንቴይነርዲ (ኮንቴይነር አስነሺው) እና ኩብሌት ይሠራሉ፤ ክላስተሩ የሚገነባውም ኩብአድም በተባለው የኩበርኔቲስ የራሱ መገንቢያ ነው። ስለዚህ የምናገኘው ያልተቀነሰ፣ ያልተለወጠ፣ ኢቲሲዲ ያለበት ኩበርኔቲስ ነው። ለዳታቤዝ ሥራ ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ ጥቂት መስመር ባለው የያምል ፋይል አንድ መቆጣጠሪያ ኖድ እና ሦስት የሥራ ኖዶችን አዝዞ ማስነሣት መቻሉ ነው። ሦስት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ዋና እና ሁለት ቅጂ ያለው ዳታቤዝ ሦስቱም በተለያየ ኖድ ላይ እንዲቀመጡ ኦፕሬተሩ በግዴታ ካዘዘ፣ ባለ አንድ ኖድ ክላስተር ላይ ሁለተኛው ፖድ ቦታ አጥቶ «ፔንዲንግ» እንደተባለ ይቀራል።

የኖድ ውድቀትን ለማየት አንዱን የሥራ ኖድ በዶከር የማቆሚያ ትእዛዝ ማቆም ይበቃል። ቀጥሎ የሚሆነውን በትዕግሥት ተቀምጦ መመልከት ይገባል። እንደ ኩበርኔቲሱ እትም 40 ወይም 50 ሰከንድ ገደማ ካለፈ በኋላ ኖዱ «ኖት ሬዲ» ተብሎ ይመዘገባል። በላዩ የነበረው ፖድ ግን ወዲያው ከዚያ አይወገድም፤ በነባሪ 300 ሰከንድ፣ ማለትም አምስት ደቂቃ ይጠበቃል። አምስቱ ደቂቃ ካለፈም በኋላ ፖዱ «ተርሚኔቲንግ» ይባላል እንጂ አይጠፋም፤ መጥፋቱን የሚያረጋግጠው በዚያው ኖድ ላይ ያለው ኩብሌት ነው፣ ኩብሌቱ ደግሞ ሞቷል። ስቴትፉልሴትም አሮጌው መጥፋቱ ካልተረጋገጠለት በዚያው ስም ምትክ አያስነሣም። ኦፕሬተሩ ይህን ሁሉ ሳይጠብቅ አዲስ ዋና መምረጥ አለበት። ፕሮጀክቶች ይህን በተለያየ መንገድ ፈትተውታል፦ የዛላንዶው ኦፕሬተር ምርጫውን ፓትሮኒ ለተባለው የፖስትግሬስ ዋና መራጭ ፕሮግራም ሲተው፣ ክላውድኔቲቭፒጂ ስቴትፉልሴትን ጨርሶ ትቶ ፖዶችን እና የዲስክ ጥያቄዎችን በራሱ ያስተዳድራል። በአንድ ኖድ ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው ግን ችግሩ መኖሩንም አያውቅም፤ ካይንድን ለዕለት ተዕለት ሥራ ከሌሎቹ የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ደካማ ጎኑ ዲስክ ነው። ካይንድ በነባሪ የሚሰጠው የራንቸርን የሎካል ፓዝ ዲስክ አቅራቢ ነው፤ ይህም እያንዳንዱን ዲስክ በኖዱ ላይ እንደ ፎልደር ይፈጥረዋል። ከዚህ አራት ነገር ይከተላል። ዲስኩ ከተፈጠረበት ኖድ ጋር ታስሮ ስለሚቀር፣ ኖዱ ሲቆም ፖዱ ወደ ሌላ ኖድ ሊሄድ አይችልም። የተጠየቀው መጠን ገደብ የለውም፤ 1 ጊጋባይት ተጠይቆ 10 ጊጋባይት ቢጻፍበት የሚከለክል የለም፣ ስለዚህ የዲስክ መሙላትን እዚህ መፈተሽ አይቻልም። ዲስኩን ማስፋትም ሆነ ስናፕሾት (የዲስኩን የአንድ ቅጽበት ቅጂ) ማንሣት በነባሪው አቅራቢ የለም። በራሳቸው ሰርቨር ላይ የአካባቢ ዲስክ ለሚጠቀሙ ድርጅቶች የመጀመሪያው ባሕርይ እውነታውን ይመስላል፤ ከአንዱ ማሽን ተነቅሎ በሌላው ላይ የሚሰካ የክላውድ ዲስክ ለሚጠቀሙ ግን የተሳሳተ ሥዕል ይሰጣል።

በካይንድ ጀማሪዎችን ከሁሉ በላይ የሚያደናቅፈው ኢሜጅ፣ ማለትም ኮንቴይነር የሚነሣበት የታሸገ ፋይል፣ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ የተገነባ ኢሜጅ በኖዶቹ ውስጥ በራሱ አይታይም፤ በካይንድ የመጫኛ ትእዛዝ ወደ ኖዶቹ መገልበጥ አለበት። ከተገለበጠ በኋላም የኢሜጁ መለያ «ሌተስት» ከሆነ ኩበርኔቲስ በነባሪው ሕግ ሁልጊዜ ከሪጅስትሪ (ከኢሜጆች ማከማቻ) ለመሳብ ይሞክራል፣ በሪጅስትሪው ላይም ስለማያገኘው ፖዱ «ኢሜጅ ፑል ባክ ኦፍ» ብሎ ይቆማል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ግንባታ የተለየ መለያ መስጠት ነው፤ የጊት ኮሚት ቁጥሩን መጠቀም ጥሩ ልማድ ነው፣ የትኛው ኮድ እየሠራ እንደሆነም ወዲያው ይነግራል። ኢሜጁ በየኖዱ አንድ ጊዜ ስለሚገለበጥ አራት ኖድ ማለት አራት ቅጂ ነው፤ ትልልቅ የዳታቤዝ ኢሜጆችን ደጋግሞ የሚገለብጥ ሰው የአካባቢ ሪጅስትሪ ቢያቆም ይሻለዋል።

በሊኑክስ ላይ ብዙ ኖድ ሲነሣ «ብዙ ፋይሎች ተከፍተዋል» የሚል ስሕተት ከመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የኢኖቲፋይ (የሊኑክስ የፋይል ለውጥ መከታተያ) ገደብ ነው። የክትትሉን ገደብ ወደ 524288፣ የኢንስታንሶቹን (max_user_instances) ገደብ ወደ 512 ከፍ ማድረግ ይፈታዋል።

ሚኒኩብ

ሚኒኩብ ከሦስቱ አንጋፋው ነው፤ ከ2016 ጀምሮ አለ። ክላስተሩን በዶከር ውስጥ ብቻ ሳይሆን በቨርቹዋል ማሽንም ማስነሣት ይችላል፤ ኬቪኤም፣ ሃይፐር-ቪ፣ ቨርቹዋልቦክስ እና ሌሎችም ይደገፋሉ። ቢያንስ 2 ሲፒዩ፣ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ እና 20 ጊጋባይት ባዶ ዲስክ ይፈልጋል።

ለዳታቤዝ ሰዎች ሚኒኩብን የሚያስመርጠው ተጨማሪ አገልግሎቶቹ ናቸው። የስናፕሾት ተቆጣጣሪውን እና የሲኤስአይ (የኩበርኔቲስ የዲስክ ማገናኛ መስፈርት) ሆስትፓዝ ድራይቨሩን እያንዳንዳቸውን በአንድ ትእዛዝ ማብራት ይቻላል። ባክአፕን በስናፕሾት የሚያነሣ፣ ከስናፕሾትም አዲስ ዳታቤዝ የሚያስነሣ ኦፕሬተር ለሚጽፍ ሰው ይህ ሰፊ መንገድ ይቆርጥለታል፤ በካይንድ ላይም ይህንኑ ድራይቨር መትከል ይቻላል፣ ግን ተቆጣጣሪውን፣ የመግለጫ ዓይነቶቹን እና ፈቃዶቹን ለየብቻ ማዘጋጀት ይጠይቃል። ዲስክ ማስፋትም በድራይቨሩ ይደገፋል፣ የዲስክ ዓይነቱ መግለጫ ማስፋትን እንደሚፈቅድ ካረጋገጡ በኋላ። ልብ ማለት የሚገባው ግን ይህም ድራይቨር ከሥሩ የሚሰጠው ፎልደር መሆኑን ነው። የኦፕሬተሩ ጥያቄ በትክክለኛው ቅደም ተከተል መሄዱን፣ መልሱንም ጠብቆ ሁኔታውን ማደሱን ያሳያል፤ የፋይል ሥርዓቱ በእርግጥ መስፋቱን አያሳይም።

ሚኒኩብን ባለ ብዙ ኖድ አድርገው የሚያስነሡ ሰዎች ነባሪው የዲስክ አቅራቢ ለብዙ ኖድ እንዳልተሠራ ማወቅ አለባቸው፤ የመሣሪያው ሰነድ ራሱ በዚህ ጊዜ የሲኤስአይ ድራይቨሩን እንዲጠቀሙ ያዛል። ይህን ሳያውቁ የቀሩ የዳታቤዛቸውን አለመነሣት በራሳቸው ኮድ ላይ ሲያሳብቡ አይቻለሁ።

ሌላው ብልጫው የሜሞሪ እውነተኝነት ነው። በካይንድ ውስጥ እያንዳንዱ ኖድ የኮምፒውተሩን ሙሉ ሜሞሪ የራሱ አድርጎ ያስመዘግባል፤ 16 ጊጋባይት ባለው ላፕቶፕ ላይ አራት ኖድ ሲነሣ መርሐ ግብር አውጪው 64 ጊጋባይት ያለ ይመስለዋል። «ቦታ የለም» የሚለውን ሁኔታ መፈተሽ የሚፈልግ ኦፕሬተር በዚህ ይታለላል። የሚኒኩብ ቨርቹዋል ማሽን ግን የተሰጠውን ያህል ብቻ ያስመዘግባል።

ኬ3ዲ

ኬ3ዲ፣ ራንቸር በ2019 ያወጣውን ቀለል ያለ የኩበርኔቲስ ሥሪት ኬ3ኤስን በዶከር ውስጥ ያስነሣል። ቀላልነቱ የመጣው ክፍሎቹ በአንድ የፕሮግራም ፋይል ስለታሸጉ እና አንድ ሰርቨር ብቻ ሲኖር በኢቲሲዲ ፈንታ ኤስኪውላይትን ስለሚጠቀም ነው። የኢሜጅ ሪጅስትሪን ከክላስተሩ ጋር አብሮ የሚያስነሣ ምርጫ አለው፤ በካይንድ ላይ የተነሣውን የኢሜጅ ጣጣ ይህ በአብዛኛው ይቀርፈዋል። የዳታቤዙን ፖርት ወደ ላፕቶፑ አውጥቶ በፒኤስኪውኤል (በፖስትግሬስ የትእዛዝ ፕሮግራም) መገናኘትም ይቀላል፤ ለኖዶቹ የሜሞሪ ገደብ የማስቀመጥ ምርጫም አለው። የዲስኩ ነገር ግን ከካይንድ ጋር አንድ ነው፤ ያው የሎካል ፓዝ አቅራቢ፣ ያው ገደብ። ከክላስተሩ ጋር በነባሪ የሚመጣው ትራፊክ (Traefik) የተባለው የድረ ገጽ ጥያቄ አስተላላፊ ለዳታቤዝ ሥራ ስለማያስፈልግ ሲነሣ ማጥፋት ሜሞሪ ያተርፋል።

8 ጊጋባይት ሜሞሪ ብቻ ያለው ላፕቶፕ ላይ ለሚሠራ ሰው ኬ3ዲን እመክራለሁ።

ኦፕሬተሩ ከውስጥ ይሥራ ወይስ ከውጭ?

ይህ ጥያቄ ከክላስተሩ ምርጫ ያልተናነሰ የሥራ ፍጥነትን ይወስናል፤ ንጽጽሮች ግን ብዙ ጊዜ ያልፉታል። በኩብቢልደር ፕሮጀክት ውስጥ «ሜክ ረን» የሚለው ትእዛዝ ኦፕሬተሩን በላፕቶፑ ላይ እንደ ተራ ፕሮግራም ያስነሣዋል፤ ክላስተሩን የሚያገኘው በተጠቃሚው የመግቢያ ፋይል ነው። ኢሜጅ መገንባት የለም፣ መገልበጥ የለም፤ ኮዱን ለውጦ እንደገና ማስነሣት ሰከንዶች ይፈጃል፣ በዴልቭ ዲባገርም መስመር በመስመር መከተል ይቻላል።

ለዳታቤዝ ኦፕሬተር ግን ይህ መንገድ ሦስት ቦታ ላይ ይሰበራል። አንደኛው ዌብሁክ፣ ማለትም የኤፒአይ ሰርቨሩ መግለጫ ከመቀበሉ በፊት ኦፕሬተሩን የሚጠይቅበት መንገድ፣ ነው፤ የኤፒአይ ሰርቨሩ በክላስተሩ ውስጥ ሆኖ በላፕቶፑ ላይ ያለውን ኦፕሬተር ማግኘት ስለማይችል፣ ዌብሁኩ ተመዝግቦ ከሆነ እያንዳንዱ የዳታቤዝ መግለጫ ውድቅ ይደረጋል። ዌብሁኮችን በአካባቢ ተለዋዋጭ (environment variable) ማጥፋት የተለመደ መውጫ ነው። ሁለተኛው የፖድ ኔትወርክ ነው፤ ብዙ ኦፕሬተሮች የቅጂዎቹን ሁኔታ ለማወቅ በቀጥታ ከፖዱ አድራሻ ጋር ይገናኛሉ፣ ያ አድራሻ ግን ከላፕቶፑ አይደረስም። በማክ እና በዊንዶውስ ላይ ዶከር ራሱ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ስለሚሠራ ርቀቱ እጥፍ ነው። ሦስተኛው፣ አደገኛው፣ ፈቃድ ነው። ከውጭ የሚሠራው ኦፕሬተር የሚጠቀመው የአበልጻጊውን ሙሉ ሥልጣን በመሆኑ፣ የፈቃድ መግለጫው ላይ የጎደለ ነገር ቢኖርም ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ጉድለቱ የሚታየው ኦፕሬተሩ በራሱ መለያ ክላስተር ውስጥ ሲገባ፣ ምናልባትም በተጠቃሚው ዘንድ ነው።

ስለዚህ የማስታረቂያ ሎጂኩን (ያለውን ሁኔታ ከተጠየቀው ጋር የሚያስማማውን ኮድ) ገና በሚቀርጹበት ጊዜ ከውጭ መሥራት፣ ኦፕሬተሩ ዳታቤዙን በቀጥታ ማናገር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ግን ወደ ውስጥ ማስገባት ተገቢ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ የጠፋውን ፍጥነት በከፊል የሚመልሱት ቲልት እና ስካፎልድ ናቸው፤ ኮድ ሲለወጥ ግንባታውን፣ ጭነቱን እና ማስነሣቱን በራሳቸው ያከናውናሉ። ኦፕሬተሩን በላፕቶፑ ላይ አቆይቶ የክላስተሩን ኔትወርክ ወደ እሱ ማምጣት የሚሻ ሰው ቴሌፕሬዘንስን ሊሞክር ይችላል።

ሜሞሪ፣ ኢንተርኔት እና መብራት

ፖስትግሬስ በነባሪ ቅንብሩ ለጋራ ቋቱ የሚይዘው 128 ሜጋባይት ነው፤ ስለዚህ ለፍተሻ የሚነሡ ሦስት ቅጂዎች ራሳቸው ብዙም አይከብዱም። የሚከብዱት በዙሪያቸው ያሉት ናቸው፦ የክትትል ሥርዓቱ፣ ባክአፕ ለመቀበል የሚነሣው የኤስ3 ዓይነት ማከማቻ፣ የኮድ ማረሚያው እና ብራውዘሩ። በዊንዶውስ ላይ በደብሊውኤስኤል 2 የሚሠራ ሰው ለሊኑክሱ በነባሪ የሚደርሰው የኮምፒውተሩ ሜሞሪ ግማሽ መሆኑን አውቆ ቅንብሩን ቢያስተካክል ዳታቤዙ በሜሞሪ እጥረት በድንገት ከመገደል ይድናል። የአፕል ኤም ተከታታይ ኮምፒውተር ያለው ደግሞ የሚፈትሻቸው የዳታቤዝ እትሞች ለአርም የተዘጋጀ ኢሜጅ እንዳላቸው አስቀድሞ ይይ፤ ለምሳሌ የማይኤስኪውኤል 5.7 ይፋዊ ኢሜጅ ለአርም 64 የለውም።

ኢንተርኔት ውድ በሆነበት ቦታ፣ አገር ቤት ያለ አንባቢም ይህን በደንብ ያውቀዋል፣ ክላስተርን አፍርሶ እንደገና መገንባት ዋጋው ጊዜ ብቻ አይደለም። የኖድ ኢሜጆቹ በዶከር ውስጥ ይቆያሉ፤ በክላስተሩ ውስጥ የተሳቡት የዳታቤዝ ኢሜጆች ግን ክላስተሩ ሲፈርስ አብረው ይጠፋሉና እንደገና ይወርዳሉ። ከ2020 ኅዳር ጀምሮ ዶከር ሃብ መለያ ለሌላቸው ተጠቃሚዎች የማውረድ ገደብ አበጅቷል፤ ገደቡ በኢንተርኔት አድራሻ ስለሚቆጠር በአንድ መስመር የሚሠራ ቢሮ ሙሉ ድርሻውን አንድ ሰው ሊጨርስበት ይችላል። ኢሜጆችን በአካባቢ ሪጅስትሪ ማስቀመጥ ሁለቱንም ችግር ይፈታል። መብራት ለሚቋረጥበት ሥራ ቦታ ደግሞ ሚኒኩብ እና ኬ3ዲ ክላስተሩን አቁሞ እንደገና የማስነሣት ትእዛዝ አላቸው፤ ካይንድ ላይ ይህ ትእዛዝ የለም፣ የዶከር ኮንቴይነሮቹ ዳግም ሲነሡ ክላስተሩ ተመልሶ እንዲቆም ተስፋ ማድረግ ነው፤ ክላስተሩን በስክሪፕት ከመነሻው ለመገንባት መዘጋጀትም ይጠይቃል።

የርቀት ክላስተር መቼ ያስፈልጋል?

ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ አንድ የጋራ ድክመት አላቸው፦ ኖዶቻቸው ሁሉ የሚጽፉት በአንድ ዲስክ ላይ ነው። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያ፣ የቅጂ መዘግየት ልኬት፣ ዲስክ ከኖድ ወደ ኖድ ሲዛወር የሚፈጀው ጊዜ እና የዞን ውድቀት በላፕቶፕ ላይ ቢለኩም ውጤታቸው ምንም አይናገርም። እነዚህን ለማየት እውነተኛ የክላውድ ክላስተር መከራየት ግዴታ ነው፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ለሆነበት ቡድን ግን ለዕለት ሥራ ሳይሆን ከእትም መውጫ በፊት ለሚደረግ ፍተሻ ብቻ ቢቆጠብ ይመረጣል።

ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው አንድን የርቀት ክላስተር ለብዙ አበልጻጊዎች የሚያካፍሉ ቡድኖች አሉ፤ ለድረ ገጽ አገልግሎት ይህ ይሠራል፣ ለኦፕሬተር ግን አይሠራም። ኦፕሬተር የሚመዘግባቸው የመግለጫ ዓይነቶች በኔምስፔስ (በክላስተሩ ውስጥ በሚበጅ ክፍልፍል) አይከፋፈሉም፤ የክላስተሩ ሁሉ ናቸው። አንዱ አበልጻጊ አዲስ መስክ ጨምሮ ሲመዘግብ የሌላውን ይደርብበታል፣ ያም ሰው ኮዱን ሳይነካ ዳታቤዙ መልስ መስጠት ሲያቆም ያየዋል። ለያንዳንዱ ሰው የራሱን የኤፒአይ ሰርቨር በትልቁ ክላስተር ውስጥ የሚሰጠው ቪክላስተር ለዚህ ጥሩ መፍትሔ ነው።

በክላውድ ላይ ፍተሻው ካለቀ በኋላ ክላስተሩን መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። የዳታቤዝ ኦፕሬተሮች መረጃ በስሕተት እንዳይጠፋ ዲስኮቹ እንዲቆዩ የሚያዝ ደንብ ብዙ ጊዜ ይጠቀማሉ፤ እንዲህ ያሉ ዲስኮች ክላስተሩ ከተሰረዘ በኋላም በክላውዱ ሒሳብ ላይ ይኖራሉ፣ ክፍያቸውም ይቀጥላል። ስለዚህ ክላስተሩ ከመሰረዙ በፊት የዳታቤዝ መግለጫዎቹን እና የዲስክ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ መሰረዝ፣ ከዚያም በክላውዱ የዲስክ እና የስናፕሾት ዝርዝር ውስጥ የቀረ ነገር አለመኖሩን ገብቶ ማየት ያስፈልጋል።